አልጋ አለ?
የኢትዮጵያ የመንገድ ዳር አልጋ ቤቶች ታሪክ

በ1980ዎቹ መጨረሻ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚሄድ መንገደኛ ደሴ ያድር ነበር። ጎህ ሳይቀድ ከአውቶቡስ ተራ የተነሣው መኪና የጣርማ በርን ብርድና የሸዋ ሮቢትን ሙቀት አልፎ፣ ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ጀንበር ጠልቃለች። አውቶቡሱ ገና ሳይቆም ልጆች ከጎን ከጎኑ እየሮጡ «አልጋ! አልጋ! ንጹህ አልጋ!» ይላሉ። ረዳቱ በር ላይ ቆሞ «ነገ ሌሊት 11 ሰዓት! የቀረ ለራሱ!» ብሎ ያስጠነቅቃል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሻንጣውን፣ ኩንታሉን፣ ልጁን አንጠልጥሎ በጨለማው ውስጥ አንድ ጥያቄ ይዞ ይበተናል።

«እናቴ፣ አልጋ አለ?»

«አለ ልጄ፣ ግባ። ደክሞሃል። ብቻህን ነህ?»

ያን ምሽት የተቀበሉኝ ሴትዮ ነጠላቸውን አጣፍተው ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጠው ነበር። ጠርዙ የተበላ ትልቅ መዝገብ ከፈቱና ስሜን፣ የመጣሁበትን፣ የምሄድበትንና ሥራዬን ጠይቀው በቀስታ ጻፉ። ቁልፍ ሰጥተው በረንዳውን ይዘው መሩኝ። ክፍሏ ከአልጋው ብዙም አትሰፋም። የብረት አልጋ፣ በሽቦው ላይ የጥጥ ፍራሽ፣ የሳሙና ሽታ ያልለቀቀው ነጭ አንሶላ፣ ጠርዙ ላይ ቀይ መስመር ያለው ግራጫ ብርድ ልብስ። ከአልጋው ሥር ፖፖና ነጠላ ጫማ፣ በትንሿ ጠረጴዛ ላይ ሻማና ክብሪት፣ ከበሩ ጀርባ ለልብስ የተመታ ሚስማር። «መኪናው በስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እኔ እቀሰቅስሃለሁ፤ ሐሳብ አይግባህ፣ ተኛ።» ሌሊት 10 ሰዓት ላይ በሩ በጣት ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። በየበሩ እየዞሩ የሚሄደውን ሁሉ በየሰዓቱ የሚቀሰቅሱት ራሳቸው ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ በብዙ ከተማ፣ በብዙ እንዲህ ዓይነት አልጋ ላይ አድሬአለሁ። ስለ መንገዶቻችን የተጻፈውን ሳነብ የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። ማን እንደጠረገው፣ ማን እንዳበደረ፣ ድልድዩ መቼ እንደተመረቀ ተጽፏል። መንገደኛው ሲመሽበት የት እንዳደረና ማን እንዳሳደረው ግን አልተጻፈም። ይህ ጽሑፍ ያንን ክፍተት በጥቂቱ ለመሙላት የተነሣ ነው።

ቤት የእግዚአብሔር

ከመኪና በፊት በነበረው ኢትዮጵያ እንቅልፍ አይሸጥም ነበር። የመሸበት ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። መልሱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ነው። እግሩ ይታጠባል፣ በቅሎው ይታሰርለታል፣ ከተገኘው ይቀርብለታል፣ ከምድጃው አጠገብ ይነጠፍለታል። ለዚህ ገንዘብ ማውጣት ባለቤቱን መስደብ ነበር። የቆሎ ተማሪና ተሳላሚ በደጀ ሰላም፣ ሙስሊም መንገደኛ በመስጊድ ይጠለላል። «እንግዳ ደራሽ፣ ውሃ ፈሳሽ» የሚለው ብሂል የቀረልን እንግዳ ሳይጠራ የሚመጣ፣ ሲነጋም የሚሄድ መሆኑን ሁሉም በኑሮው ያውቀው ስለነበር ነው።

ይህ ሥርዓት ለአንድና ለሁለት መንገደኛ በቂ ነበር። መቶና ሁለት መቶ በቅሎና አህያ ለሚነዳ የሲራራ ነጋዴ ግን አይበቃም። ከጎንደር ተነሥቶ፣ በጎጃም የባሶን ገበያ አልፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ እስከ ሊሙ ሳቃ የሚወርደው ነጋዴ፣ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይዞ ሄዶ ቡና፣ ወርቅና ዝባድ ይዞ የሚመለሰው፣ ማደሪያውን ከእሱ ጋር ይዞት ይጓዛል። ሲመሽ ውሃና ሣር ባለበት ይሰፍራል፣ ጭነቱን በክብ ይደረድራል፣ እሳት ያነዳል፣ በየተራ ይጠብቃል። ነጋድራስ የሚለው ስም ኋላ የመንግሥት ሹመት ከመሆኑ በፊት የዚህ ጉዞ መሪ መጠሪያ ነበር።

ሦስተኛው መንገደኛ የመንግሥት ሰው ወይም በንጉሥ ፈቃድ የሚያልፍ የውጭ እንግዳ ነው። እሱ በደረሰበት አገር ገበሬው ድርጎ እንዲያቀርብለት ይታዘዛል። እንጀራው፣ ማሩ፣ በጉ ከገበሬው ጎተራና በረት ይወጣል። ይህ ግዴታ እንጂ እንግዳ ተቀባይነት አልነበረም፤ ገበሬውም ሸክሙን ያውቀው ነበር።

ስለዚህ በአንድ በኩል ልግስና፣ በሌላ በኩል ግዴታ፣ በመካከል የነጋዴው ሰፈር ነበረ። በማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች መካከል፣ በገንዘብ፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ የሚደረግ ውል ግን ገና አልተፈጠረም።

እቴጌ ሆቴልና ባቡር

ያ ውል በይፋ የታየው በአዲስ አበባ ነው። እቴጌ ጣይቱ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ከፍተው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሥራ አስጀመሩት። ሰው ምግብ በገንዘብ መብላቱን እንደ ነውር ስላየው በመጀመሪያ ደንበኛ አጥቶ እንደነበር፣ ዳግማዊ ምኒልክም መኳንንቱን ይዘው ሄደው በልተው፣ ከፍለው ምሳሌ እንደሆኑ ይነገራል። ትረካው ምንም ያህል ቢዋብ የያዘው እውነት ግልጽ ነው። ሰው ቤት ሄዶ በልቶ መክፈል መማር የነበረበት አዲስ ልማድ ነበር። የዚህን ልማድ በር የከፈተችውም ሴት ነበረች። ይህን ለኋላው እንያዘው።

በምሥራቅ በኩል ሌላ አስተማሪ እየመጣ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማዪቱም ከእሱ ጋር ተወለደች። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ባቡሩ የሚጓዘው በቀን ብቻ ስለነበር ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመግባት ሦስት ቀን ይፈጃል። ተሳፋሪው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። በእነዚህ ጣቢያዎች ዙሪያ የግሪክና የሌሎች አገር ሰዎች ሆቴልና መጠጥ ቤት ከፈቱ። አዋሽ ጣቢያ አጠገብ ያለው ጥንታዊው የባቡር መንገደኞች ማረፊያ በረንዳው በአበባ ተሸፍኖ ለብዙ ዘመን መንገደኛ ሲያሳድር ኖሯል። ሌሊቱን የሚወስነው የመጓጓዣው ሰዓት መሆኑ በኢትዮጵያ የተጀመረው በዚህ መሥመር ላይ ነው። ባቡር ሲቆም ከተማ ያድራል፤ ያ ከተማም በማሳደር ይኖራል።

ቃሉ ከጣሊያን ነው

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው አምስት ዓመታት ጦሩን ለማንቀሳቀስ መንገድ ጠረገ። ከአስመራ በደሴ ወደ አዲስ አበባ፣ ከአሰብ ወደ ደሴ፣ ከአስመራ በሊማሊሞ ወደ ጎንደር፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ተራራ በስቶ 587 ሜትር ርዝመት ያለው ዋሻ ሠራ። ይህን ሁሉ የሠራው ለወረራው ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ደም የፈሰሰበት ዘመን ነው። ሲወጣ ግን መንገዱን ይዞት ሊሄድ አልቻለም። ቃላቱንም እንዲሁ።

ጋራዥ ውስጥ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው ይህን ታሪክ በጆሮው ይሰማዋል። ጎማ፣ ፍሬን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ቡሎን፣ ካምቢዮ ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። ሾፌሩ ከመኪናው ወርዶ የሚገባበት ቤትም ቃላቱን ያመጣው ከዚያው ነው። መጠጥ የሚቀዳበት ባንኮኒ፣ የሚበላው ፓስታ፣ የሚጠጣው ማኪያቶ፣ የሚያድርበት አልቤርጎ። አልቤርጎ በጣሊያንኛ ማንኛውም ሆቴል ነው። በእኛ አገር ትርጉሙ ጠቦ ርካሽ አልጋ የሚከራይበትን ቤት ብቻ ያዘ። በኋላ የመጣው ፔንሲዮንም የዚያው ቋንቋ ዘመድ ነው። የመኪናው መለዋወጫና የአልጋው ስም አብረው መግባታቸው የሁለቱን ዝምድና ያሳያል።

ከነፃነት በኋላ ያ መንገድ ጥገና አጥቶ መፍረስ ጀመረ። በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ ዓለም ባንክም በዚያው ዓመት ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር አበደረ። መንገዱ ታደሰ፣ ተዘረጋ። ጣሊያን ጥሎት የሄደው ትሬንታ ኳትሮ፣ በኋላም ኤንትሬ የሚባለው ፊያት ከነተሳቢው የአገሪቱን ቡና፣ ጨውና ነዳጅ ያመላልስ ጀመር። ከአሰብ አዲስ አበባ ለመድረስ የበረሃውን ሙቀትና የወሎን ዳገት ማለፍ አለበት፤ ይህም በአንድ ቀን አይሆንም። ሾፌሩ ማደር አለበት። የት?

አሜሪካኖች ለዚህ ጥያቄ የራሳቸውን መልስ ሰጥተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 አርተር ሃይነማን የተባለ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ በካሊፎርኒያ ሳን ሉዊስ ኦቢስፖ ከተማ የመጀመሪያውን ሞቴል ሠራ፤ ስሙም ሞተርና ሆቴል ተጋጥመው የወጣ ነው። ያ ቤት የታሰበው የራሱን መኪና ለሚነዳና በሩ ላይ ለሚያቆም ቤተሰብ ነበር። ሞቴል የሚለው ስም ዛሬ በእኛም መንገድ ዳር በየታፔላው ይታያል፤ የእኛው ቤት ግን የተወለደው ለጭነት መኪና ሾፌርና ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ነው። የሠራውም የሥነ ሕንፃ ባለሙያ አልነበረም።

የባለቤቶቹ ሙያ

የሠሩት ሴቶች ናቸው። በገጠር ያለ ፈቃዷ በልጅነቷ ተድራ የኮበለለች፣ ባሏን የፈታች፣ ባሏ የሞተባትና መሬት ያልደረሳት ሴት ወደ መንገዱ ዳር ከተማ ትመጣለች። በእጇ ያለው ሙያ ጠላ መጥመቅ፣ ጠጅ መጣል፣ ወጥ መሥራት ነው። በአንድ ክፍል ጠላ ቤት ትጀምራለች። ሾፌር ይለምዳታል። ምግብ ትጨምራለች። ቢራ የሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ስታገኝ ቤቱ ቡና ቤት ይባላል። ከዚያ ከጓሮ በጭቃና በቆርቆሮ አራት ክፍል ታሠራለች፤ አራቱ ስምንት፣ ስምንቱ አሥራ ሁለት ይሆናሉ። ከፊት ባንኮኒው፣ ከኋላ አልጋው፣ በመካከል ለመኪና የሚበቃ ግቢ ይፈጠራል። ኮማሪት ትባል የነበረችው ሴት «እትዬ» ተብላ የግቢ እመቤት ትሆናለች። በሻሸመኔ፣ በዲላ፣ በጅማ፣ በነቀምት፣ በደብረ ማርቆስ፣ በኮምቦልቻ ይኸው ነገር እንደየአገሩ ተደግሟል።

የቤቱ ሒሳብ ከውጭ ለሚያየው አይገባም። አልጋው ራሱ ብዙ አያተርፍም፤ ርካሽ የሆነውም ለዚህ ነው። ትርፉ ከእራቱ፣ ከቢራው፣ ከሌሊቱ ሻይ ነው። በዚህ ላይ የሾፌሩ ውል አለ። ሃምሳና ስልሳ ተሳፋሪ የያዘ አውቶቡስ የት እንደሚቆም የሚወስነው ሾፌሩ ነው። እሱና ረዳቱ ስለዚህ በዚያ ቤት በነፃ ይበላሉ፣ በነፃ ያድራሉ። የጭነት መኪና ሲሆን ሾፌሩ አልጋ ይይዛል፣ ረዳቱ ዕቃ እየጠበቀ ጋቢና ውስጥ ያድራል፤ የቤቱ ዘበኛ ደግሞ ሁለቱንም ይጠብቃል። ጎማ የፈነዳበት፣ ብር ያለቀበት ሾፌር በዱቤ ያድርና በሚቀጥለው ምልልሱ ይከፍላል። ይህ ሁሉ በወረቀት አልተጻፈም። የሚሠራው ሾፌሩ በሳምንቱ በዚያው መንገድ መመለሱ ስለማይቀር ነው።

የአውቶቡሱ ሌሊት ከጭነት መኪናው ሌሊት በላይ ከተሞቹን አሳድጓል። የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ በሌሊት እንዳይጓዝ ስለሚከለከል ከአዲስ አበባ ጎንደር፣ ወይም መቀሌ፣ ወይም ጂጂጋ መሄድ ሁለት ቀን ነበር። መካከለኛዋ ሌሊት ለአንዱ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር፣ ለአንዱ ደሴ ወይም ወልዲያ፣ ለአንዱ አሰበ ተፈሪ ትውላለች። ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ወታደር ወደ ግንባር፣ ታማሚ ወደ ጥቁር አንበሳ፣ እናት ልጇን ልትጠይቅ ስትሄድ የሚያድሩት እዚያው ነው። ቁንጫና ትኋን ነበረበት፣ መጸዳጃው ራቅ ያለና የጋራ ነው፣ ውሃ አንዳንዴ በጆግ ይመጣል። ያም ሆኖ በር የሚቆለፍበት፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሰው ያለበት ማደሪያ ለማንም ሰው በኪሱ አቅም ተገኘ። በ1962 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሂልተን ሲከፈት፣ የቱሪዝሙ መሪ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ» ብለው አገሪቱን ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ ከዚያ ርቆ ባለው መንገድ ኢትዮጵያውያን እርስ በርስ የሚተዋወቁበት ቤት ይህ ነበር። አንድ በረንዳ ላይ የጎጃሙ፣ የወላይታው፣ የትግራዩና የሐረሩ ሰው በአንድ የፕላስቲክ ማስታጠቢያ ፊታቸውን ሲታጠቡ አይቻለሁ።

የከበደው ገጽ

ታሪኩን ስወድደው የከበደውን ገጽ መዝለል አልችልም። በብዙ ቡና ቤት ከባንኮኒው ኋላ የሚቆሙት ወጣት ሴቶች ደመወዛቸው ትንሽ ነበር፣ ወይም ጭራሽ አልነበረም፤ ኑሯቸው የተመሠረተው በደንበኛው ኪስ ላይ ነው። ብዙዎቹ ገና ልጆች ነበሩ። የቤቱ ባለቤት ራሷ በዚያው መንገድ ያለፈች ሆና ሳለ ሌላዋን በዚያው ያሳለፈችበት ቤት ብዙ ነው። ይህ በደል ነው፤ በደል ተብሎም መጻፍ አለበት።

ኤድስ ሲመጣ መጀመሪያ ያገኘውም ይህንኑ መንገድ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ተመራማሪዎች ከአዲስ አበባ አሰብ ባለው መሥመር ላይ ሾፌሮችንና የቡና ቤት ሴቶችን መመርመር ጀመሩ፤ ቫይረሱ ከመኪናው ጋር ከከተማ ከተማ እንደሚሄድ ታየ። ስንት ሾፌር፣ ስንት ረዳት፣ ስንት ሴት ሞተ! ትናንት ግቢው ሙሉ የነበረ ቤት ባለቤቷ ታማ በሩ የተዘጋበት ብዙ ነው። ቀስ በቀስ ከሻማውና ከክብሪቱ ጎን ኮንዶም ይቀመጥ ጀመር። በየግድግዳው የማስተማሪያ ሥዕል ተለጠፈ። በየመሥመሩ ሾፌሩን ቁጭ አድርገው ያስተማሩት የጤና ባለሙያዎች ብቻ አልነበሩም፤ ጓደኞቻቸውን የቀበሩ የቡና ቤት ሴቶችም ነበሩበት።

መዝገቡና ቀበሌው

ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ አልጋ ቤቱም ከነውጡ አልዳነም። ትልልቆቹ ሆቴሎች ወደ መንግሥት ሲዞሩ፣ በጓሯቸው ጥቂት ክፍል የነበራቸው ሴቶች ደግሞ የትኛው ቤት መኖሪያ፣ የትኛው ንግድ፣ የትኛው ትርፍ እንደሚባል ለማስረዳት ወደ ቀበሌ ተመላለሱ። ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት መንገደኛውን ተጠርጣሪ አደረጉት። ከአገር አገር ለመሄድ የይለፍ ወረቀት፣ ለማደር የቀበሌ መታወቂያ ያስፈልጋል። ፀጉረ ልውጥ የተባለ ሁሉ ይጠየቃል። የእንግዳው መዝገብ በየምሽቱ ይታያል። ሰዓት እላፊ ሲደርስ ቡና ቤቱ ይዘጋል፤ ማን በየትኛው ክፍል እንዳለ የሚጠየቁት እትዬ ናቸው።

ልጇን ፍለጋ ከገጠር የመጣች አንዲት እናት፣ ወረቀት ሳትይዝ፣ በር ላይ ብትቆም የአልጋ ቤቱ ባለቤት ምን ታድርግ? ብትመልሳት ውጭ ታድራለች፤ ብታስገባት ራሷ ትጠየቃለች። ይህን ጥያቄ በየምሽቱ የተጋፈጡ ብዙ ባለቤቶች «የእኅቴ ልጅ ነች» እያሉ እንግዳውን እንደ ዘመድ አስመዝግበው እንዳሳደሩ ከእነሱ አፍ ሰምቻለሁ። «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚለው ጥንታዊ መልስ አልጋው በገንዘብ ከሆነ በኋላም በዚያ ጨለማ ዘመን አልጠፋም ነበር።

መንገዱ ሲዞር

የመንገድ ዳር ከተማ ዕድል በመንገዱ ላይ ነው። በግንቦት 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መሥመር ተዘጋ። ከሚሌ ወደ አሰብ ይጎርፍ የነበረው መኪና በአንድ ጊዜ ቆመ። በኤሊዳር፣ በማንዳ፣ በቡሬ ግንባር አቅጣጫ ሾፌር ሲያስተናግዱ የኖሩ ቤቶች ግቢያቸው ባዶ ሆነ። የአገሪቱ ጭነት ወደ ጅቡቲ ሲዞር አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ዲቼቶ እስከ ጋላፊ ድረስ አዲስ ሕይወት አገኙ።

በዚያ መሥመር ያለው አልጋ የራሱ መልክ አለው። በአፋር ቆላ ሌሊቱም ስለሚሞቅ በክፍል ውስጥ መተኛት ይከብዳል። ስለዚህ አልጋው ወደ ግቢው ይወጣል። ሃያና ሠላሳ አልጋ በከዋክብት ሥር ይደረደራል። ሾፌሩ ጫማውን ከራስጌው አድርጎ፣ ስልኩንና የጭነት ወረቀቱን ከትራሱ ሥር ሰክቶ፣ ከአጥሩ ማዶ መኪናውን እያየ ይተኛል። ከእንቅልፉ ሲነቃ የሚያየው ሰማይ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የሲራራ ነጋዴ ካየው አይለይም። የተለየው ነገር ያንን አልጋ ያነጠፈለት ሰው መኖሩ ነው።

ዛሬ መንገዱ እንደገና እየተለወጠ ነው። ፈጣን አውቶቡሶች ጎንደርን በአንድ ቀን ያደርሳሉ፤ አቅም ያለው በአውሮፕላን ይሄዳል፤ የኤሌክትሪክ ባቡሩ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ከጅቡቲ ጭነት ያመላልሳል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ሆቴሎችን በኮከብ ሲመድብ አልጋ ቤቱን የሚመለከት ኮከብ አልነበረም። የጭቃ ግድግዳው ፈርሶ በብሎኬት ፔንሲዮን ይተካል፤ ቁልፉ በካርድ፣ ፖፖው በሻወር ይተካል። ይህ መልካም ነው፤ መንገደኛ ንጹህ ውሃ ይገባዋል። የሰሜኑ ጦርነት ደግሞ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልዲያ መንገድ ላይ የነበሩ ብዙ ቤቶችን አዘርፏል፤ ከተዘረፈ ቤት ደግሞ ወረቀት አይተርፍም።

መዝገቡን አትጣሉት

የምፈራው ለወረቀቱ ነው። ያ ጠርዙ የተበላ መዝገብ ምን እንደያዘ አስቡት። ለሠላሳና ለአርባ ዓመት በየምሽቱ፣ በአንድ ከተማ፣ ማን ከየት መጥቶ ወዴት እንደሄደ፣ ሥራው ምን እንደነበር። በ1977 ድርቅ ወደ ደሴ የወረዱት፣ በ1983 ከየጦር ሰፈሩ ወደ አገራቸው የተመለሱት ወታደሮች፣ ወደ አሰብ ለሥራ የሄዱና ያልተመለሱ ወጣቶች፣ ልጇን ፍለጋ «የእኅቴ ልጅ» ተብላ የተመዘገበችው እናት ሁሉም በአንድ ዓምድ ውስጥ አሉ። ይህ ለታሪክ ተመራማሪ ከብዙ የመንግሥት ሪፖርት ይበልጣል። ያም ሆኖ እነዚህ መዝገቦች ዛሬ ባለቤቷ ስታርፍ ከአሮጌ ፍራሽ ጋር ይቃጠላሉ፣ ወይም ለስኳር መጠቅለያ ይሸጣሉ።

እናታችሁ ወይም አያታችሁ በመንገድ ዳር አልጋ ያከራዩ ከሆነ፣ ይህን የምጠይቀው እናንተን ነው። ቤቱ ከመፍረሱ በፊት መዝገቡን ፈልጉት። አሁንም በሕይወት ካሉ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ የመጀመሪያዋን ክፍል መቼ እንደሠሩ፣ የመጀመሪያው ሾፌር ማን እንደነበረ፣ በዚያ የጨለማ ዘመን ማንን እንደደበቁ ጠይቁና ድምፃቸውን ቅዱ። ወረቀቱን ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር)፣ ወይም በአቅራቢያችሁ ላለው ዩኒቨርሲቲ፣ ለወሎ፣ ለደብረ ማርቆስ፣ ለዲላ፣ ለሠመራ ስጡት። ሰው የሚታወቅበት መረጃ አለበትና በአደራ እንዲጠበቅ አድርጉት።

አንድ ነገር ደግሞ ጨምሩበት። በዚያ መዝገብ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር የሰው ስም አለ፤ የጻፈችው ሴት ስም ግን የትም አይገኝም። ከመስጠታችሁ በፊት የእናታችሁን ስም በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉበት።